«ፐብሊክ አይፒ ግዛ» ሲሏችሁ… የኢንተርኔት አድራሻ የማን ነው? ሂሳቡንስ ማን ይክፈል?

ስልካችሁን አውጡ። ዋይፋይ ላይ ከሆናችሁ ሴቲንግ ውስጥ ግቡና የተገናኛችሁበትን የዋይፋይ ስም ንኩት። ዝቅ ስትሉ «አይፒ አድራሻ» የሚል ታገኛላችሁ። ቁጥሩ በ192.168 ይጀምራል አይደል? ካልሆነም በ10 ይጀምር ይሆናል።

አሁን ጎረቤታችሁን ጠይቁት። የእሱም እንደዚያው ነው። ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ የሚጠጣው ሰውዬም፣ ቦሌ ያለው ሆቴልም፣ ባሕር ዳር ያለችው የአክስታችሁ ልጅም ተመሳሳይ ነው። አድራሻ ማለት አንዱን ቦታ ከሌላው የሚለይ ነገር ከሆነ ይሄ ሁሉ ሰው እንዴት አንድ አድራሻ ይኖረዋል?

ጥያቄው የአይቲ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ሱቁ ላይ ካሜራ ያስገጠመ፣ ሁለት ቅርንጫፍ ያለው ወይም ቤቱ ሰርቨር መክፈት የፈለገ ሰው አንድ ቀን «ፐብሊክ አይፒ መግዛት አለብህ» መባሉ አይቀርም። አንዳንዴ እውነትም ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ግን ሰው የሚከፍለው በነፃ ለሚገኝ ነገር ነው። ዛሬ ሁለቱን እንለያቸው።

📌 ግድግዳ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት

ከመሃላችን አንዱ ድሮ ፒያሳ ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ሠርቷል። አሥር ኮምፒውተር፣ አንድ ቀጭን መስመር፣ ሰዓት የሚቆጥር ሶፍትዌር። አልፎ አልፎ አንዱ ስክሪን ላይ «ይህ አድራሻ በሌላ ኮምፒውተር ተይዟል» የሚል መልእክት ብቅ ይላል። ወዲያው ኢንተርኔቱ ይቆማል፣ ደንበኛው «ሰዓቴ እየሄደ ነው እኮ!» ብሎ ይጮኻል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቁጥር 4 እና ቁጥር 9 ኮምፒውተሮች አንድ አይፒ ይዘዋል። መፍትሔውም ቀላል ነበር፦ ግድግዳው ላይ የትኛው ኮምፒውተር የትኛውን ቁጥር እንደያዘ የምትናገር ወረቀት ተለጠፈች። ከዚያ በኋላ ማንም ወረቀቷን ሳያይ ቁጥር አይሰጥም። ግጭቱም ቆመ።

ያቺ ወረቀት መዝገብ ናት። ለአሥር ኮምፒውተር አንድ ገጽ እና አንድ እስክሪብቶ ይበቃል። ለአንድ አህጉር ግን ቢሮ፣ ሠራተኛ፣ ደንብ እና ጠበቃ ያስፈልጋል። «ማን ይክፈል?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው።

📌 አንድ ቁጥር እንዴት ሁሉም ቤት ገባ?

ዛሬም በብዛት የምንጠቀምበት የአድራሻ ዓይነት አይፒ ቨርዥን 4 ይባላል። ደንቡ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። በአጠቃላይ ያለው ቁጥር 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው። ያኔ ኮምፒውተር የዩኒቨርሲቲና የወታደር ዕቃ ስለነበር ይሄ ማለቂያ የሌለው ይመስል ነበር። ዛሬ የዓለም ሕዝብ ከ8 ቢሊዮን በላይ ነው፤ አንዱ ሰው ደግሞ ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ቴሌቪዥን እያለ ሦስት አራት ዕቃ ያገናኛል።

ቁጥሩ እንደማይበቃ ቀድመው ያዩ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1996 አንድ ስምምነት አወጡ። ሦስት የቁጥር ጥቅሎችን ለይተው «እነዚህን ማንም ሰው ቤቱና መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለ ፈቃድ፣ ያለ ክፍያ ይጠቀምባቸው» አሉ፦

👉 በ10 የሚጀምሩት (16.7 ሚሊዮን ገደማ)
👉 ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉት (1 ሚሊዮን ገደማ)
👉 በ192.168 የሚጀምሩት (65,536)

አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለ። እነዚህ ቁጥሮች ከግቢ አይወጡም፤ በዋናው ኢንተርኔት ላይ ዋጋ የላቸውም።

አራዳ ያደገ ሰው ይሄ አይገርመውም። የቤት ቁጥር 215 በአንዱ ቀበሌም አለ፣ በሌላውም አለ። ቁጥሩ የሚሠራው ቀበሌው እስከታወቀ ድረስ ነው። ቀበሌውን ካልነገርከው «215 አድርሰኝ» ያልከው ሰው የት ይሄዳል? ለዚህ ነው እኛ ሰፈር ሰው ቁጥሩን ትቶ «ጊዮርጊስን አልፈህ»፣ «ሲኒማ ኢትዮጵያ ፊት ለፊት» የሚለው።

📌 ታዲያ ቲክቶክ እንዴት ያገኘናል?

ወላጆቻችሁን «የጎረቤት ስልክ» ምን እንደነበር ጠይቋቸው። በሰፈሩ ስልክ ያለው አንድ ቤት ነው። መደወል የፈለገ እዚያ ሄዶ ይደውላል። ከውጭ ሲደወል ግን የቤቱ ሰው አንስቶ «የማነህ ልጅ? ማንን ልጥራልህ?» ይላል፣ ከዚያ ልጅ ይላካል። ከውጭ ላለው ሰው የሰፈሩ ሁሉ ቁጥር አንድ ነው።

ራውተራችሁ የሚሠራው ይሄንኑ ነው። ለውጭው ዓለም አንድ ትክክለኛ አድራሻ ያሳያል። ከውስጥ የወጣውን ጥያቄ ማን እንደላከው ያስታውሳል፣ መልሱ ሲመጣ ለባለቤቱ ያደርሳል። እናንተ ደውላችሁ ቲክቶክ ከመለሰላችሁ ችግር የለም። ከውጭ አንድ ሰው ሳትደውሉለት ቢደውል ግን ራውተሩ ለማን እንደሚሰጠው አያውቅም፣ ይዘጋዋል።

አሁን ነገሩ ሁለት ፎቅ ሆኗል። ቁጥር ስላለቀ በዓለም ዙሪያ ያሉ ቴሌኮሞች ራሳቸው ብዙ ደንበኞችን ከአንድ አድራሻ ጀርባ ያስቀምጣሉ። ማለትም ጎረቤታችሁም የራሱ ስልክ የለውም፣ እሱም የሚደውለው ከሌላ ጎረቤት ነው። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2012 ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው ጥቅል ለዚሁ ሥራ ተለይቶ ተመድቧል።

ይሄ ለተጠቃሚው ምን ያመጣል?

1ኛ፦ ከውጭ ወደ ቤታችሁ ካሜራ ወይም ሰርቨር በቀጥታ መግባት አይቻልም።

2ኛ፦ አድራሻውን ከእናንተ ጋር የሚጋራ አንድ ሰው ቢያጭበረብር ድረ ገጹ አድራሻውን ያግደዋል፤ እናንተም አብራችሁ ትታገዳላችሁ። «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» እያለ የሚያሰለቻችሁ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

3ኛው ከሁሉም ይከብዳል። ወንጀል ተፈጽሞ አድራሻው ሲፈለግ ከአንድ ቁጥር ጀርባ ብዙ ሰው አለ። ትክክለኛው ሰዓትና የግንኙነቱ ዝርዝር በጥንቃቄ ካልተመዘገበ ጣት ወደማይመለከተው ሰው ሊቀሰር ይችላል። አድራሻ መጋራት ስም መጋራትም ነው።

📌 ጉዱ የሚወጣው ሁለት ግቢ ሲገናኝ ነው

አንድ ነጋዴ እናስብ። ፒያሳ ወርቅ ቤት አለው፣ ሌላ ሰፈር ደግሞ ሁለተኛ ሱቅ ከፈተ። የሽያጭ ኮምፒውተሮቹና ካሜራዎቹ እንዲተያዩ ሁለቱን ሱቆች በቪፒኤን ማገናኘት ፈለገ። ቴክኒሺያን መጣ፣ አገናኘ። አልሠራም!

ለምን? ሁለቱም ሱቆች ራውተሩ ከካርቶን እንደወጣ ነው የተጠቀሙበት። ሁለቱም 192.168.1 ናቸው። እዚህ ያለው ካሜራ 192.168.1.64 ነው፣ እዚያ ያለውም 192.168.1.64 ነው። ኮምፒውተሩ «64ን ፈልግ» ሲባል ግቢውን ያያል፣ እዚያው ያገኘዋል፣ ወደ ሌላኛው ሱቅ ጭራሽ አይሄድም። ሁለት ቀበሌ ተቀላቅሎ ሁለት 215 ቁጥር ቤት እንደመገኘት ነው።

ይሄኔ ነው ምክሩ የሚዘንበው። አንዱ «ለሁለቱም ሱቅ ፐብሊክ አይፒ ግዛ» ይላል። ሌላው «ሰርቨር ተከራይ» ይላል። እውነቱ ግን ይሄ ነው፦ ሁለቱ ሱቆች የሚያስፈልጋቸው የማይደጋገም ቁጥር ነው። ያ ቁጥር በዓለም ሁሉ የታወቀ መሆን የለበትም። በሁለቱ ሱቆች መካከል ካልተደጋገመ በቂ ነው። አንደኛውን ሱቅ 10.47.1፣ ሌላኛውን 10.47.2 ማድረግ ችግሩን ይፈታዋል። ቁጥሩ በነፃ ነው፤ የሚከፈለው ለቴክኒሺያኑ ላብ ብቻ ነው። ከመጀመሪያው ታስቦበት ቢሆን ደግሞ እሱም አይከፈልም ነበር። (ቪፒኤኑን ለመዘርጋት አንዱ ጫፍ ከውጭ መገኘት ሊኖርበት ይችላል። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እንመጣበታለን።)

ባለቤቱ አንድ ሲሆን እንዲህ ቀላል ነው። ባለቤቶቹ ሲበዙስ? ኢትስዊችን ውሰዱ። የአንዱን ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ ኤቲኤም እንድንጠቀም የሚያደርገው የባንኮቹ የጋራ ድርጅት ነው። እንዲህ ያለ ቦታ የብዙ ድርጅቶች የግል መረብ ይገናኛል። ሁሉም ከ10 ተነስቶ በየፊናው ቢቆጥር ግጭት አይቀርም። ስለዚህ ወይ አንድ የጋራ «ወረቀት» ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት፣ ወይ እያንዳንዱ በዓለም የማይደጋገም ቁጥር ማምጣት አለበት። ሁለተኛው ዋጋ አለው።

📌 ዋጋው ከየት መጣ?

የአፍሪካን «ወረቀት» የሚይዘው አፍሪኒክ የሚባል ድርጅት ነው። መቀመጫው ሞሪሸስ ነው። በዓለም ላይ ካሉት አምስት የአህጉር መዝገቦች የመጨረሻው ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2005 ዕውቅና አገኘ። ለትርፍ አልተቋቋመም። አሠራሩ ከሞላ ጎደል እንደ ዕድር ነው፦ አባላቱ ቴሌኮሞች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ባንኮች ናቸው፤ በያዙት የአድራሻ መጠን ዓመታዊ መዋጮ ይከፍላሉ። መዋጮው ለቁጥሩ ዋጋ ሳይሆን መዝገቡን ለሚይዘው ሥራ ነው። የዕድር መዋጮ ስትከፍሉ ድንኳኑን አልገዛችሁትም አይደል? እንደዚያ ነው።

ችግሩ ድንኳኑ አንድ፣ ለቅሶው ብዙ መሆኑ ነው። ዋናው የዓለም መዝገብ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2011 የቀሩትን ጥቅሎች ለአምስቱ አከፋፍሎ ጨረሰ። አፍሪኒክ ከሌሎቹ የተሻለ ቆይቶ ነበር። እሱም ቢሆን ከ2020 ጀምሮ ለአንድ ጥያቄ ቢበዛ 1,024 አድራሻ ብቻ ወደ መስጠት ገባ።

ነገር ሲጠፋ ገበያ ይቆማል። ባለፉት ዓመታት አንዱ አድራሻ በዓለም ገበያ ከ20 እስከ 60 ዶላር ተሽጧል። አማዞን እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ሰርቨር ለሚከራዩት ደንበኞቹ ለእያንዳንዱ ፐብሊክ አይፒቪ4 በሰዓት 0.005 ዶላር ያስከፍላል። ትንሽ ይመስላል፤ በዓመት ግን 44 ዶላር ገደማ ነው፣ ለአንዲት ቁጥር! በብር ስታሰሉት ደግሞ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ የት እንደደረሰ እናንተው ታውቁታላችሁ።

በዚህ መሃል ዕድሩ ራሱ ፍርድ ቤት ገባ። ክላውድ ኢኖቬሽን የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2016 ባለው ጊዜ 6.2 ሚሊዮን ገደማ አድራሻ ከአፍሪኒክ ወስዶ ነበር። አፍሪኒክ «አድራሻዎቹ ከተጠየቁበት ዓላማ ውጭ፣ ከአህጉሩም ውጭ እየዋሉ ነው» ብሎ ሊነጥቀው ተነሳ። ኩባንያው «ደንቡ አይከለክለኝም» ብሎ ከሰሰ። በ2021 የአፍሪኒክ የባንክ ሒሳብ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለጊዜው ታገደ። በ2023 ድርጅቱ በፍርድ ቤት በተሾመ አስተዳዳሪ ሥር ወደቀ። በ2025 አዲስ ቦርድ እስኪመረጥ ድረስ ዓመታት አለፉ።

ይሄ የሩቅ ዜና አይምሰላችሁ። አህጉሩ አዲስ ቴሌኮም ሲከፍት፣ አዲስ ዳታ ሴንተር ሲሠራ ቁጥር የሚጠይቀው ከዚያ ነው። እዚያ ከሌለ ከገበያ በዶላር ይገዛል፣ ወይም ደንበኞቹን ከአንድ አድራሻ ጀርባ ያጭቃል። በሁለቱም መንገድ ዞሮ ዞሮ የሚከፍለው ተጠቃሚው ነው፤ ወይ በብር፣ ወይ በአገልግሎት ጥራት።

📌 «ለግል መረብ የሚሆን ልዩ ቁጥር በነፃ ይሰጥ ወይስ ይሸጥ?»

አይፒ ቨርዥን 6 ሲመጣ የቁጥር እጥረት አበቃ። ያለው ብዛት ለማንበብ እንኳን የሚያስቸግር ነው። ስለዚህ መሐንዲሶቹ የድሮውን ጥያቄ እንደገና አነሱት፦ ከግቢ የማይወጣ ግን ከሌላ ግቢ ጋር የማይጋጭ ቁጥር ለሁሉም እንስጥ። እንዴት?

ሁለት ሐሳብ ነበር። አንደኛው፦ ማዕከላዊ መዝገብ ይኑር፣ ሰው መጥቶ ያስመዝግብ፣ ቁጥሩ የእሱ ብቻ እንደሆነ ይረጋገጥለት። ጥሩ ነው፤ ግን መዝገቡን ማን ይያዝ? ወጪውን ማን ይሸፍን? የአንድ ጊዜ ክፍያ ይሁን ወይስ በየዓመቱ? በነፃ ከሆነ አንዱ ስግብግብ መጥቶ ሚሊዮኑን ቢያፍስስ?

ሁለተኛው ሐሳብ ደግሞ መዝገብ አያስፈልግም አለ። እያንዳንዱ ሰው ከ1 ትሪሊዮን በላይ ከሆኑ አማራጮች ውስጥ በዕጣ አንድ ቁጥር ያውጣ፤ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ዕጣ የማውጣቱ ነገር ከምንም አይቆጠርም። ስሌቱም ተሠርቷል፦ 1,000 መረቦች እርስ በርስ ቢገናኙ የመጋጨት ዕድሉ ከ10 ሚሊዮን 4.5 ገደማ ነው።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2005 ደንብ ሆኖ የወጣው ሁለተኛው ነው። አድራሻው «ኤፍዲ» በሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ይጀምራል። ለመዝገቡ ሐሳብ የተተወው ግማሽ ጥቅል እስከ ዛሬ ሥራ ላይ አልዋለም። በነፃ ዕጣ ማውጣት ከተቻለ ለመዝገብ የሚከፍል አልተገኘም።

📌 እንግዲህ ማን ይክፈል?

እኛ የምንለው ይሄ ነው።

ቁጥሩ ከግቢ የማይወጣ ከሆነ ማንም መክፈል የለበትም። ለሁለት ሱቅ፣ ለትምህርት ቤት ላብራቶሪ፣ ለክሊኒክ፣ ለኢንተርኔት ካፌ እስክሪብቶና ወረቀት ይበቃል። «ለካሜራዎቹ እርስ በርስ ግንኙነት ፐብሊክ አይፒ» የሚል ደረሰኝ ካያችሁ ጠይቁ።

ከውጭ በቀጥታ መገኘት የሚፈልግ ሰው ግን ቢከፍል ተገቢ ነው። ያለቀ ነገር እየያዘ ነው፤ እሱ ከያዘው ሌላው አያገኘውም። የራስህን የስልክ መስመር ማስገባት ማለት ነው። ነፃ ቢሆን ሁሉም ይዞት ይቀመጥና የሚያስፈልገው ሰው ያጣል።

ቴሌኮሞችስ? ኢትዮ ቴሌኮምም ይሁን ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ለመዝገቡ የሚያዋጡት መዋጮ በመጨረሻ የእኛው የወር ሂሳብ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር መጠየቅ መብታችን ነው። አንድ፦ መስመር ስንገባ አድራሻችን የጋራ ይሁን የግል በግልጽ ይነገረን። ሁለት፦ የተትረፈረፈው አይፒ ቨርዥን 6 ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይድረሰን። እጥረት ባለበት ዋጋ ማውጣት ያስኬዳል። እጥረት በሌለበት ዋጋ ማውጣት ግን የወንዝ ውሃን በጠርሙስ እንደመሸጥ ነው።

📌 ከዚህ ጽሑፍ በኋላ ምን ታደርጋላችሁ?

👉 አድራሻችሁ የጋራ መሆኑን ለማወቅ፦ ራውተሩ ውስጥ ግቡና ከቴሌኮሙ የተሰጠውን አድራሻ እዩ። በ10፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ከጀመረ የጋራ ነው። ወይም ጉግል ላይ «የእኔ አይፒ ምንድን ነው» ብላችሁ ፈልጉ፤ የሚያሳያችሁ ቁጥር ራውተሩ ላይ ካለው ከተለየ መልሱ ያው ነው።

👉 አዲስ ሱቅ ወይም ቢሮ ስትከፍቱ ራውተሩን ከካርቶን እንደወጣ አትተዉት። 192.168.1ን ቀይራችሁ ሌላው የመምረጥ ዕድሉ አነስተኛ የሆነ ቁጥር ስጡት፤ ለምሳሌ 10.83.21። ነገ ቅርንጫፍ ሲመጣ ታመሰግኑናላችሁ።

👉 ካሜራችሁን ከስልክ ለማየት ብቻ ከሆነ ብዙዎቹ አዳዲስ ካሜራዎች በአምራቹ መተግበሪያ በኩል ያለ ፐብሊክ አይፒ ይሠራሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ሞክሩት።

👉 ሁለት ሱቅ በቪፒኤን ለማገናኘት ከሆነ ፐብሊክ አይፒ ለአንደኛው ጫፍ ብቻ ይበቃ እንደሆነ ቴክኒሺያኑን ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

👉 ፐብሊክ አይፒ ከገዛችሁ የመጀመሪያ ሥራችሁ ፓስወርድ መቀየር ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ ከፋብሪካ የመጣ ፓስወርዳቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችን በብዛት ይዞ ትልልቅ ድረ ገጾችን አንገዳግዷል። በር ያለው ቤት ቁልፍም ይፈልጋል።

👉 የማን ቁጥር ስንት እንደሆነ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። የፒያሳዋ ወረቀት ብዙ የደንበኛ ጩኸት አድናናለች፣ ያወጣንባትም ወጪ የለም።

ሱቅ ላለው ዘመድ ወይም ጓደኛችሁ ላኩለት። የሚቀጥለውን ደረሰኝ ከመክፈሉ በፊት ቢያነበው ይጠቅመዋል።